የፎም ጋን አጠቃቀምና አያያዝ፦ ከግዢ እስከ እጥበት

ፎም ጋን ማለት በጣሳ የሚመጣውን የሚነፋ ፎም ምላጩን እየሳብን ስንጥቅ ውስጥ የምንረጭበት ሽጉጥ መሳይ መሣሪያ ነው። ስለሱ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም ያው ነው። «ፎም ጋን ገዝቼ የበሩን ዙሪያ ደፈንኩበት። ከዚያ አስቀመጥኩት። አሁን ሳወጣው ምላጩ ድርቅ ብሏል፤ ምን ይሻለኛል?» አንዳንዱ ፎቶም ጨምሮ ይልካል፤ አፉ ላይ ቢጫ ጉብታ የደረቀበት ጋን። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ፒያሳ አሮጌ የእንጨት መስኮት ያለው ቤት ውስጥ ብትኖሩም ልደታ ኮንዶሚኒየም ብትኖሩም አሠራሩ አንድ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ይህ ፎም ፖሊዩሬቴን ነው፤ የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ሳይሆን በተቃራኒው እርጥበት አግኝቶ ነው። ከአየሩና ከግድግዳው እርጥበት ሲወስድ ይነፋል፣ ከዚያ ይጠጥራል። ጣሳው ውስጥ ታሽጎ እስካለ ድረስ ፈሳሽ ነው። እርጥበት ካገኘ ግን ቦታ አይመርጥም፤ ስንጥቁ ውስጥም ይደርቃል፣ ጋናችሁ ውስጥም ይደርቃል። ግድግዳውን ውሃ የምንረጨው ፎሙ እርጥበት እንዲያገኝ ነው። ጣሳውን ከጋኑ ላይ የማንፈታው ደግሞ ጋኑ ውስጥ ያለው እንዳያገኝ ነው። ይቺን ከያዛችሁ የቀረውን ብትረሱት እንኳ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጋኑ። ክፍሎቹን እወቁ፦ ከላይ ጣሳው የሚጠመድበት ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ቀለበቱ መሃል ትንሽ ኳስ ያላት መግቢያ፣ ረጅም ቀጭን ቱቦ፣ ቱቦው ውስጥ እስከ አፉ የሚሄድ መርፌ፣ ምላጭ፣ ከኋላ ደግሞ የፍሰቱን መጠን የምታስተካክሉበት ቪቴ። ስትገዙ የብረቱን ምረጡ፣ በተለይ የሚፈታታውን። ቀለበቱ ቴፍሎን የተቀባ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ፎም ቴፍሎን ላይ በደንብ አይጣበቅም።
- የጋን ፎም፣ 750 ሚሊ ሊትር። ፎም ጣሳ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከራሱ የላስቲክ ቀሰም ጋር ይመጣል፣ ያለ ጋን በእጅ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው አናቱ ላይ ባለ ጥርስ ቀለበት አለው፣ ለጋን ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። መርካቶ ወይም ተክለ ሃይማኖት ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ «ፎም ስጡኝ» ካላችሁ ባለ ቀሰሙን ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ «የጋን» በሉ፣ ክዳኑንም ከፍታችሁ እዩ።
- ክሊነር፣ ማለትም ያልደረቀ ፎም የሚያሟሟ የጋን ማጠቢያ ፈሳሽ። እሱም በጣሳ ነው የሚሸጠው፣ ጋኑ ላይ ልክ እንደ ፎሙ ይጠመዳል። ከጋኑ ጋር አብራችሁ ግዙት። «በኋላ እገዛለሁ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ጋን ነው የሚገዛው።
- ውሃ መርጫ ጠርሙስ። የፀጉር ቤቷ ዓይነት ይበቃል።
- ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነፅር፣ የማትሳሱለት ልብስ።
- ጋዜጣ ወይም ላስቲክ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ፔኔሎ፣ ደረቅ ጨርቅ።
- ምላሱ ረዘም ያለ ከተር ወይም የዳቦ ቢላ።
- በመጨረሻ ለመሸፈኛ ስቱኮ፣ ሲሚንቶ ወይም ቀለም፣ እንደ ቦታው።

ፎሙን ስትገዙ ጣሳው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ሳታዩ ብር አታውጡ። ቀኑ ያለፈበት ፎም ወይ ጨርሶ አይወጣም ወይ ውሃ ሆኖ ወጥቶ አይነፋም። ሱቅ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ የከረመ ወይም በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጣሳም ተዉት። ተጋድሞ ሲቀመጥ ፎሙ ቫልቩ ጋ ይቆምና እዚያው ይጣበቃል። ነቅነቅ ስታደርጉት ውስጡ ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ሊሰማችሁ ይገባል።

ፎም የማይሆንባቸው ቦታዎች

ይህን ከደረጃዎቹ በፊት ያስቀደምኩት ብዙ ጣሳ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ነው። አንዱ ጉዳይ ደግሞ የሕይወት ነው።

ከሰል የሚነድበትን ክፍል በፎም ጥርቅም አድርጋችሁ አትድፈኑ። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ተኝቶ ያለ ሰው ይገድላል። በበር ስንጥቅና በመስኮት ዳር የሚገባው ያ የምትጠሉት ብርድ ለዚያ ክፍል መተንፈሻው ሊሆን ይችላል። ከሰሉን ውጪ የምታነዱበት ቦታ ከሌላችሁ ሁልጊዜ ክፍት የሆነ የአየር መውጫ ሳታበጁ ስንጥቁን አትንኩ። ሆን ተብለው የተሠሩ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችንም እንዲሁ።

የጣሪያ ፍሳሽ በፎም አይቆምም። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ በምስማር ቀዳዳ ሁሉ ፎም የሚረጭ ሰው አለ። ፎሙ ፀሐይ አይችልም፤ ቡኒ ሆኖ ይፈረፈራል፣ ውሃውም በስሩ እየሾለከ ቆርቆሮውን ያዝገዋል። የሚያፈስ ቧንቧም እንደዚያው ነው፤ መጀመሪያ ቧንቧው ይጠገናል፣ ፎሙ የሚገባው በቧንቧውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ብቻ ነው።

ከ5 ሚሊ ሜትር የጠበበ ስንጥቅ የፎም ሥራ አይደለም፣ የሲሊኮን ወይም የአክሪሊክ ማሸጊያ ተጠቀሙ። ጭስ ማውጫ አጠገብና በጣም የሚሞቅ ነገር ዙሪያ አታድርጉ። የመብራት ሶኬትና የገመድ መገናኛ ሳጥን ውስጥም አትርጩ። እና ደግሞ ፎም በር አይሸከምም። ቴላዮው (የበሩ ፍሬም) መጀመሪያ በፊሸርና በቪቴ ከግድግዳው ጋር ይታሰር፤ ፎሙ ክፍተቱን ይሞላል እንጂ በሩን አያቆምም።

አሠራሩ

1. እሳት አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ። ፎሙን ከጣሳው የሚገፋው ጋዝ ከፕሮፔንና ከቡታን ቤተሰብ ነው፤ ማለትም ቡታጋዝ ውስጥ ያለው ዓይነት። ይነዳል። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ እዚያው ይተኛል። በእኛ ቤት ወለል ላይ ምን አለ? የቡና ከሰል፣ ዕጣን ማጨሻ፣ አንዳንዴ ሻማ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የሚነድ ነገር ሁሉ ጠፍቶ ከክፍሉ ይውጣ። ስቶቭም ምጣድም ይጥፋ። ሲጋራ አይታሰብ። መስኮትና በር ክፈቱ፣ ልጆችን አስወጡ። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ይተው፤ ፎሙ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባለው ኬሚካል ደረት ይቀሰቅሳል። ጓንትና መነፅር አሁን አድርጉ፣ ከጀመራችሁ በኋላ አይደለም።

2. ቦታውን አጽዱ። ፎም አቧራ ላይ ይጣበቃል፣ ግን አቧራው ራሱ ግድግዳው ላይ አልተጣበቀም። ደርቆ ሲያበቃ ሙሉው በአንድ ቁራጭ ተላቆ ይወጣል። የተፈረፈረ ልስን፣ የሸረሪት ድር፣ አሮጌ ጋዜጣ የተጠቀጠቀበት ካለ ሁሉንም አውጡ፣ በፔኔሎ ጥረጉ። የላሜራ በር ከሆነ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ ቅባቱን በጨርቅ አንሱለት። ቀድሞ ሲሊኮን የነበረበት ቦታ ከሆነ ሲሊኮኑን ፍቃችሁ ጨርሱት፤ ፎም ሲሊኮን አይወድም።

የአይጥ ቀዳዳ ከሆነ ለብቻው ልንገራችሁ። ፎም ብቻውን አይጥ አያቆምም፣ ቦርቡራው ታልፋለች። መጀመሪያ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅልላችሁ ቀዳዳው ውስጥ አጥብቃችሁ ክተቱ፣ ፎሙን ሽቦው መሃል እንዲገባ አድርጋችሁ ርጩ። ላቫንዲኖ ስር ቧንቧው የሚገባበት ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ መንገዷ እሱ ነው።

3. የማይነካውን ሸፍኑ። የአሉሚኒየም መስኮቱ ጠርዝ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ ዘርጉ። ምንጣፍ ካለ ጠቅልሉት። ትኩስ ፎም በክሊነር ይለቃል፣ የደረቀው ግን በምንም ፈሳሽ አይለቅም፣ መፋቅ ብቻ ነው ያለው። ክሊነሩ ራሱም ቀለምና ፕላስቲክ ያበላሻል። መሸፈን ይቀላል።

4. ግድግዳውን አርጥቡ። ብዙ ሰው የሚዘላት ደረጃ ይቺ ናት። ከላይ እንዳልኩት ፎሙ የሚጠጥረው በእርጥበት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ በበጋው የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ነው፤ ያን ጊዜ ያልረጠበ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ፎም ላይ ላዩ ይደርቅና ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ወይ በማግስቱ በድንገት ይነፋባችኋል። በውሃ መርጫው ጉም የሚመስል ርጩበት። ውሃ እንዲንጠባጠብ ወይም እንዲያቁር አታድርጉ፤ ውሃ ላይ የተቀመጠ ፎም ከግድግዳው ጋር አይያያዝም። ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ራሱ እርጥብ ስለሆነ ትንሽ ብቻ ይበቃል።

5. ጣሳውን አዘጋጁ። የጣሳው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ፎሙ ጥሩ ይወጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው፣ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ጣሳ ወፍራምና ሰነፍ ፎም ነው የሚሰጣችሁ። ከዋዜማው ቤት ውስጥ አስገቡት። ከቸኮላችሁ ለእጅ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለትንሽ ደቂቃ አቁሙት። የፈላ ውሃ፣ ምድጃ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ እነዚህ ሁሉ ክልክል ናቸው። ከ50 ዲግሪ በላይ የሞቀ ጣሳ ሊፈነዳ ይችላል።

ከዚያ ነቅንቁት፣ ቢያንስ 20 ጊዜ፣ ወደላይና ወደታች፣ ከልባችሁ። ጋዙና ፈሳሹ ተለያይተው ስለሚቀመጡ ሳትነቀንቁ ብትጀምሩ መጀመሪያ ጋዝ ብቻ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወፍራሙ ፈሳሽ የሚገፋው አጥቶ ጣሳው ውስጥ ይቀራል።

6. ግጠሙ። የጋኑን የኋላ ቪቴ ዝጉ። ጣሳውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ጋኑን ከላይ አድርጋችሁ በእጅ ብቻ አዙራችሁ አጥብቁት። ጥርሱ ቀጥ ብሎ መግባቱን እዩ፤ ዘሞ ከገባ ፎሙ በቀለበቱ ዙሪያ እያፈሰ እጃችሁን ይሞላዋል። ስትገጥሙ ጣታችሁ ምላጩ ላይ አይሁን፣ አፉም ወደ ሰው ፊት አይዙር። ከገጠማችሁ በኋላ ገልብጡት፤ ከዚህ በኋላ ስትሠሩ ጣሳው ሁልጊዜ ከላይ፣ ጋኑ ከስር ነው። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ጋዙ ብቻውን ወጥቶ ያልቅና ግማሽ ጣሳ ፎም ጥላችሁ ትሄዳላችሁ።

7. ጋዜጣ ላይ ሞክሩ። ምላጩን ሳብ አድርጋችሁ የኋላውን ቪቴ ቀስ በቀስ ክፈቱ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ እኩል የሆነ መስመር መምጣት አለበት። የትንሽ ጣት ያህል ውፍረት ላለው መስመር ቪቴውን ካስተካከላችሁ ለአብዛኛው የበርና የመስኮት ዙሪያ ይሆናል። የጋን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ባለ ቀሰሙ ጣሳ የከፈታችሁትን ያህል ይተፋል፣ ጋኑ ግን ምላጩን በለቀቃችሁ ቅጽበት መርፌው አፉን ይዘጋዋል።

8. ሙሉ፣ ግን አትሙሉት። አፉን ስንጥቁ ውስጥ ከጥልቀቱ ጀምራችሁ ወደ ራሳችሁ እየሳባችሁ ኑ። ቁመት ያለው ስንጥቅ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ሥሩ፤ ከታች ያለው እየጠጠረ የላይኛውን ይሸከመዋል። ከላይ ከጀመራችሁ ፎሙ በክብደቱ ይንሸራተታል። የስንጥቁን ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉ፤ የቀረውን ራሱ ነፍቶ ይሞላዋል። አዲስ የሚሠራ ሰው ሁሉ እዚህ ይሳሳታል፣ ዓይኑ እያየ ክፍተት መተው ይከብደዋል። ተዉት። ይደርሳል።

የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ተጠንቀቁ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ጎኑ የተሰበረ ከሆነ ረጭታችሁ ረጭታችሁ የሚሞላ አይመስልም፣ ፎሙ ወደ ውስጥ እየወረደ ነው። ከቀድሞ ሥራ የተቆረጠ ደረቅ ፎም ካላችሁ እሱን ወትፉና በዙሪያው ርጩ። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰፋ ክፍተትም በአንዴ አይሞላም። አንድ ሽፋን፣ ትንሽ ቆይታ፣ ስስ የውሃ ርጭት፣ ከዚያ ሌላ ሽፋን። በአንዴ የተከመረ ፎም መሃሉ እርጥበት ሳይደርሰው ስለሚቀር ቆይቶ ይጎደጉዳል።

የበር ቴላዮ ስትሠሩ በሩን ዝጉት፤ በበሩና በቴላዮው መካከል የካርቶን ቁራጭ አስገቡ፣ ወርዱን ደግሞ በእንጨት ወጥሩት። ፎም ሲነፋ ጉልበት አለው፤ ስስ ላሜራም እንጨትም ወደ ውስጥ ያጎብጣል፣ በማግስቱም በሩ አልዘጋ ይላል። ወጣሪው እስከ ማግስቱ አይነሳ። የሚቻል ከሆነ ለበርና ለመስኮት ተብሎ የተሠራውን፣ ብዙ የማይነፋውን ፎም ጠይቁ።

9. እጃችሁን ሰብስቡ። ከረጫችሁ በኋላ ላዩ ላይ ስስ ውሃ ርጩና ተዉት። በጣት መጫን፣ በማንኪያ ማለስለስ የለም። የፎሙ አረፋ ከተጨፈለቀ መልሶ አይነፋም፣ ከዳርና ዳሩም ይለቃል። ላዩ በ10 ደቂቃ አካባቢ መጣበቁን ይተዋል። ለመቁረጥ አንድ ሰዓት ስጡት። ሙሉ በሙሉ ጠጥሯል ለማለት ግን 24 ሰዓት ጠብቁ።

10. ቁረጡ፣ ሸፍኑ። ትርፉን በከተር ከግድግዳው ጋር እኩል ቁረጡ። ስቱኮ የሚለበስ ከሆነ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ስቱኮው የሚቀመጥበት ያግኝ። ከዚያ ሳታቆዩ ሸፍኑት፣ በልስንም በቀለምም በሲሊኮንም። ፀሐይ የሚያገኘው ፎም በሳምንታት ውስጥ ይጠቁራል፣ ይፈረፈራል። ቤት ውስጥም ቢሆን የተጋለጠ ፎም እሳት ከነካው ይቀጣጠላል። የተቆረጠውን ቁርጥራጭ ወደ ከሰል አትጣሉ፣ ጭሱ መርዝ ነው።

እጅ ወይም ዓይን ከነካ

እጅ ላይ ያረፈ ትኩስ ፎም ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ ከዚያ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ በሳሙና ታጠቡ። መጀመሪያ ውሃ አትጠቀሙ፣ ውሃ ያጠጥረዋል። ከደረቀ አትላጡት፣ ቆዳችሁን ይዞ ይነሳል፤ በየቀኑ ዘይት እየቀባችሁ በቀናት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ዓይን ከገባ ያለማቋረጥ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ቀጥታም ወደ ሐኪም ሂዱ።

የጋኑ አያያዝ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መጣን። ጋን የሚሞተው ሥራ ላይ አይደለም፣ ከሥራ በኋላ ባለው ጊዜ ነው።

ሥራ ስታቆሙ ጣሳው ላይ ፎም ካለ ጣሳውን አትፍቱት። ይህን ሁለቴ አንብቡት። ሰው የሚያስበው ተቃራኒውን ነው፤ «ፈትቼ ሁለቱንም ለየብቻ በንጽህና ላስቀምጥ» ይላል። የፈታችሁበት ቅጽበት ጋኑ ውስጥ ያለው ፎም አየር ያገኛል፣ የጣሳው ቫልቭም ያገኛል፣ ሁለቱም አብረው ይደርቃሉ። ጣሳው እንደተገጠመ ከቆየ ግን በጋዙ ግፊት የተሞላው ቱቦ አየር አያስገባም። ስለዚህ የኋላውን ቪቴ ሙሉ በሙሉ ዝጉ፣ አፉ ላይ የቀረችውን ጠብታ በጨርቅ ጥረጉ፣ ክሊነር አፉ ላይ ጠብ አድርጉበት፣ ጣሳው ከታች ጋኑ ከላይ ሆኖ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። እንዲህ ሆኖ አንድ ወር ገደማ ይቆያል። በየሳምንቱ ነቅንቃችሁ ትንሽ ጋዜጣ ላይ ብታስወጡበት ደግሞ ይበልጥ እርግጠኛ ትሆናላችሁ። ሕፃን የማይደርስበት፣ ከምድጃ የራቀ ቦታ ይሁን። መኪና ውስጥ አይሁን።

ተመልሳችሁ ስትጀምሩ አፉ ላይ የደረቀች ጉብታ ካገኛችሁ በጣት ወይም በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ንቀሏት፣ ከዚያ ቪቴውን ክፈቱ። ምስማር ወይም ሽቦ በአፉ አትክተቱ። መርፌው አፉን የሚዘጋው እጅግ ልስልስ ባለ ጠርዝ ነው፤ እሱ ከተጫረ ጋኑ ምላጩን ስትለቁም ማንጠባጠቡን አይተውም።

ጣሳው አልቆ ሥራው ካላለቀ አዲሱን አስቀድማችሁ ነቅንቁ፣ ክዳኑን አንሱና አጠገባችሁ አስቀምጡ። ያለቀውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ምላጩን ወደ ካርቶን ስባችሁ የቀረውን ግፊት አስወጡ፣ ፍቱ፣ ቀለበቱ ላይ ያለውን በጨርቅ ጥረጉ፣ አዲሱን ወዲያው ግጠሙ። በመሃል ስልክ አታንሱ።

ሥራው ካለቀና ጣሳውም ካለቀ ጋኑ ይታጠባል፣ በዚያው ሰዓት፦

1. ያለቀውን ጣሳ ከላይ እንዳልኩት ፍቱ። መነፅራችሁን አታውልቁ፣ ክሊነር ዓይን ያቃጥላል። እሳት እንደጠፋ ይሁን፤ ክሊነሩም አሴቶን ያለበት ስለሆነ በጣም ይነዳል።
2. ክሊነሩ ከራሱ ትንሽ መርጫ ጋር ከመጣ በእሱ የቀለበቱን ውስጥና ኳሷን ርጩ፣ በጨርቅ ጥረጉ። ኳሷ ላይ የሚደርቅ ትንሽ ፎም ቀጣዩ ጣሳ እንዲያፈስ ያደርጋል።
3. ክሊነሩን ጋኑ ላይ ጠምዱ። ቪቴውን ክፈቱ። ካርቶን ወይም አሮጌ ባልዲ ውስጥ ምላጩን ሳቡ።
4. መጀመሪያ ፎም ይወጣል፣ ቀጥሎ የደፈረሰ፣ በመጨረሻ የጠራ ፈሳሽ። የጠራው እስኪመጣ አታቁሙ።
5. ምላጩን ልቀቁና ክሊነሩ ውስጡ እንዳለ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ ቱቦው ግድግዳ ላይ የቀረውን ያሟሟዋል። እንደገና ሳቡ።
6. ክሊነሩን ፍቱ፣ ምላጩን ስባችሁ የቀረውን አስወጡ፣ ውጪውን ጥረጉ። ቪቴው ተዘግቶ ይቀመጥ።

ውሃ፣ ነዳጅ፣ ተርፔንታይን ለዚህ አይሆኑም። ውሃ ጭራሽ ያደርቀዋል። ክሊነር ካጣችሁ ንጹህ አሴቶን ውጪውንና ቀለበቱን ያጸዳል፣ ውስጡን ግን በግፊት የሚገፋ ስለሌለ አያጥብም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የምትሞክሩ ካላችሁ ጠርሙሱን አንብቡ፤ አሴቶን የሌለው ዓይነት አለና እሱ ምንም አይሠራም።

ጋኑ ደርቆ ከሆነስ?

መጀመሪያ የት እንደደረቀ እወቁ። አፉ ላይ ብቻ ከሆነ ነቅላችሁት ክሊነር ገጥማችሁ ብትስቡ ይከፈታል። ቀለበቱ ላይ ከሆነ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ነገር ፋቁት፣ ብረት ቴፍሎኑን ይጭረዋል። ምላጩ ጨርሶ አልሳብ ካለ በጉልበት አትሳቡት፣ ይሰበራል። አፉን ወደላይ አድርጋችሁ ክሊነር ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ አቆዩት፣ ደግሞ ሞክሩ። ግማሽ የደረቀ ከሆነ ሊለቅ ይችላል።

የሚፈታታ ጋን ካላችሁ የኋላውን ቪቴ ጨርሳችሁ አውጡ፣ ከኋላው ያለችውን ስፕሪንግ እንዳትጠፋ ጋዜጣ ላይ አስቀምጡ፣ መርፌውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። የደረቀውን ፎም በጥፍር ወይም በእንጨት ላጡት፣ መልሳችሁ ስትገጥሙ መርፌውን ትንሽ የማሽን ዘይት ቀቡት። ቱቦው ከዳር እስከ ዳር በደረቀ ፎም ተሞልቶ ከሆነ ግን ተስፋ አልሰጣችሁም፤ ክሊነር የሚያሟሟው ያልደረቀውን ብቻ ነው። አዲስ ግዙ።

ደጋግሜ የማያቸው ችግሮች

ፎሙ ውሃ ሆኖ ከፈሰሰ ወይ አልተነቀነቀም ወይ ቀኑ አልፏል ወይ ጣሳው ቀዝቅዟል። ነፍቶ ሲያበቃ ከተሰበሰበ ግድግዳው ደረቅ ነበር ወይም በአንዴ ተከምሯል። ቁራጩ ሙሉ ለሙሉ ከተነሳ አቧራ ነው። ጋኑ ምላጩን ስትለቁ የሚያንጠባጥብ ከሆነ አፉ ላይ ቆሻሻ ተይዟል፣ ክሊነር ጠብ አድርጉበትና ጥረጉ፤ ካልተወ መርፌው ተጭሯል። ጣሳው በቀለበቱ ዙሪያ ካፈሰሰ ጥርሱ ዘሞ ገብቷል ወይም ኳሷ ላይ የደረቀ ፎም አለ።

ያለቀ ጣሳ ለቆራሌው አትስጡ፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበትም አትጣሉ፣ አትብሱት። ባዶ መስሎ ውስጡ የሚነድ ጋዝ ይቀራል፤ ቆራሌው ደግሞ ብረቱን ለመጨፍለቅ በድንጋይ ነው የሚመታው። ውጪ ወይም በረንዳ ላይ ምላጩን ስባችሁ ምንም እስከማይወጣ ድረስ አስወጡት፣ ጋኑን ፍቱና እጠቡ፣ ጣሳውን ለብቻው በፌስታል ቋጥራችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ምን እንደሆነ ነግራችሁ ስጧቸው።